ራስ ሳይጠና ጉተና

ፀጉር ለማብቀል የሚሰጥ መድኃኒት መጀመሪያ ያለውን ያረግፋል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ነግረውኝ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ከሚነገረኝ ነገር ግማሹ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው እንደሚወጣ ራሴም አውቃለሁ። ብቻ አረፋውን አናቴ ላይ መቀባት በጀመርኩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትራሴ ላይ፣ ኮፍያዬ ውስጥ፣ የሻወሩ ውሃ መውረጃ ላይ ፀጉር በፀጉር ሆነ። ጠዋት ስነሳ ትራሴን ሳላይ አልጋዬን አነጥፍ ነበር። ማየቱ ሰለቸኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ስወለድ ወንድ ነው ተብሎ እልል ተባለ። እኔ ግን ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ሴት ነኝ። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ከአፌ ለማውጣት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ደረሰ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ኮሎምበስ መጥቼ፣ ከተማው ዳር ኦቤትስ ያለ መጋዘን ውስጥ ሥራ ይዤ፣ ኢንሹራንስ አግኝቼ፣ በ2020 ሰመር ላይ ነው ሆርሞን የጀመርኩት። ዓለም ሁሉ ስለ ሳንባው ሲጨነቅ እኔ ስለ ፀጉሬ እጨነቅ ነበር። ያሳፍራል፣ ግን እንደዚያ ነበር።

በእኛ ቤት ወንዶች ሠላሳ ሳይሞላቸው ይመለጣሉ። አባቴ፣ ወንድሞቹ፣ የነሱም አባት። ግንባራቸው ከሁለት ጎን እየሸሸ እየሸሸ መጨረሻ ላይ ማጅራታቸው አካባቢ ይቆማል። «መላጣ የሀብት ምልክት ነው» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር፤ ሀብቱን ግን አንዳቸውም ጋ አላየሁትም። መድኃኒቱን ስጀምር የእኔም ግንባር ከሁለት ጎን መሸሽ ጀምሮ ነበር። ሌላው ለውጥ ሁሉ በጊዜው ይደርሳል ብዬ ብዙም አላሰብኩበትም። አጥብቄ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ሹሩባ ሊሠራ የሚችል ፀጉር። አንድ ሰው ከኋላዬ ቁጭ ብሎ፣ በማበጠሪያ ከፍሎ፣ የሚሠራው ፀጉር። የማን እጅ እንዲሠራው እንደምፈልግም አውቅ ነበር።

የምኖረው እትዬ ቤት ነበር። እትዬ የምላቸው አንዲት ክፍል ያከራዩኝን ሴትዮ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር ሄደው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ሲንከባከቡ ይውላሉ። አጥባቂ ጴንጤ ናቸው፣ ሰሃን ሲያጥቡም ሆነ መኪና ሲነዱ ይዘምራሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ተማሪ በሚበዛበት በዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማር ነበር፤ ኮቪድ ሲመጣ ትምህርቱ በኮምፒውተር ሆነና ሻንጣዋን ጎትታ ወደ እናቷ ተመለሰች።

ዕቃዬን ይዤ መጀመሪያ ደጃፋቸው ላይ የቆምኩ ዕለት፣ «ነይ ግቢ እንጂ! ምን ያስፈራሻል?» አሉኝ።

ያኔ ሆርሞን አልጀመርኩ፣ ጢሜን እንኳ በደንብ አልተላጨሁ። እኚህ ሴትዮ በምን አወቁብኝ? ሻንጣዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። «ጫማሽን አውልቂና ነይ፣ የኔ እናት። ርቦሻል?» አሉ ቀጠሉና። የገባኝ ይሄኔ ነው። ማቆላመጣቸው ነው። ያገራችን እናቶች ወንድ ልጅ ሲያቀብጡ አንቺ ይሉታል፣ ሴት ልጅ ሲያቀብጡ ደግሞ አንተ። የእትዬ ግን ባሰ። ልጃቸውን «ና አባቴ፣ ብላ የኔ ጌታ» እንጂ አንቺ ሲሏት የሰማሁት ሲቆጧት ብቻ ነው። ከቤተክርስቲያን የሚመጡት ጎረምሶች ሁሉ «ተባረኪ፣ ግቢ» ናቸው። ከውጭ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ቤቱ ውስጥ ማን ወንድ ማን ሴት እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

አማርኛ «እኔ» ላይ ደግ ነው። በላሁ፣ ተኛሁ፣ ደከመኝ ስል ማን እንደሆንኩ አይታወቅብኝም። ጉዱ የሚመጣው ሌላ ሰው ሲያናግረኝ ነው። ክሊኒክ ያሉት ሰዎች ደጎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን የእንግሊዝኛው ዩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ለወንዱም፣ ለሴቷም፣ ለውሻቸውም። መጋዘን ያሉት አበሾች አንተ ይሉኛል። እናም በዚህ ሁሉ ኮሎምበስ ውስጥ አንቺ ብሎ የሚጠራኝ አንድ አፍ ብቻ ነበር፤ እሱም ወንድ ነኝ ብሎ የሚያምነው አፍ። ለሌላ የታሰበ ምግብ በስህተት ደጄ የተቀመጠ ያህል ነበር። መልሼ አልሰጠሁም፣ በላሁት። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ «መጣሽ?» ሲሉኝ፣ ያቺን አንዲት «ሽ» ለመስማት ብዬ ነው አንዳንዴ በጓሮ በር መግባት ትቼ በፊት ለፊት የምገባው።

የክሊኒኩ አፖይንትመንት በቪዲዮ ነበር። ብሬክ ላይ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ መስታወቱን ዘግቼ፣ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፌ። ሐኪሟ ግንባሬን ወደ ካሜራው እንዳስጠጋ ጠየቀችኝ። አየችና፣ «የሄደው ይመለሳል ብለሽ አትጠብቂ። የምንሠራው ያለው እንዳይሄድ ነው። ከተመለሰ ምርቃት ነው» አለችኝ። «ዩ»ውን አንቺ ያደረግኩት እኔው ነኝ ስተረጉመው። ስለ መርገፉም ጠየቅኳት። ያረጀው ፀጉር ወድቆ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል፣ ጥቂት ወራት ታገሺ አለችኝ። ትዕግሥት በነፃ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው መቼም።

እና ታገስኩ። ኢስትሮጅኑን ምላሴ ሥር፣ የወንዱን ሆርሞን የሚያግደውን ኪኒን በውሃ፣ አረፋውን ጠዋትና ማታ አናቴ ላይ። የሚያግደው ኪኒን ሽንት በሽንት ያደርጋል። መጋዘን ውስጥ ስካነር ይዞ የቆመ ሰው በየሰዓቱ ሽንት ቤት ሲሮጥ አለቃው ያየዋል። «ሹገር አለብህ እንዴ?» አለኝ አንዱ ያገሬ ልጅ። አዎ ብል ይገላግለኝ ነበር፣ ግን ለስኳር የሚነገረውን ምክር ሁሉ ለመስማት አቅም አልነበረኝም። አረፋው ሳይደርቅ ትራስ ከነካ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ድካም እየገደለኝ እንኳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ፀጉሬ እስኪደርቅ እጠብቅ ነበር። እንቅልፍ በተቀመጥኩበት ይወስደኛል። ያንን ጊዜ ሳስበው ትዝ የሚለኝ ተስፋው አይደለም፣ ያ መጠበቅ ነው።

ማስክ አንድ ነገር ጠቀመኝ፤ አገጬን ሸፈነልኝ። ግን ጣጣም አመጣ። ሰው አፍና አፍንጫህን ካላየ የሚያየው ዓይንህንና ፀጉርህን ነው። እኔ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢሸፈን አሳልፎ የሚሰጠኝ ያ ከሁለት ጎን የሸሸው ግንባሬ ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ሁሉ ሞከርኩ። ከሁሉ የባሰው ዱቄቱ ነው። ጥቁር ብናኝ ነው፤ የሳሳው ቦታ ላይ ሲነሰነስ ፀጉር ይመስላል። መኝታ ቤት መስታወት ፊት በጣም አምሮብኝ ነበር፣ አልዋሽም። ኮፍያዬን ጥዬ ሥራ ገባሁ። ኦጎስት ነው፣ መጋዘኑ ደግሞ ምድጃ ነው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ዱቄቱ ከላቤ ጋር ተደባልቆ በግንባሬ ወርዶ ነጩን ማስኬን ጥቁር በጥቁር አደረገው።

«አንተ ሰውዬ!» አለ ያው ያገሬ ልጅ፣ ሳጥኑን አስቀምጦ እያየኝ። «የሞተር ዘይትህ እየፈሰሰ ነው እኮ!»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ሽንት ቤት ገብቼ ታጥቤ፣ ኮፍያዬን ከመኪና አምጥቼ አጠለቅኩ። የቀረውን ሺፍት እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ዱቄቱን ማታውኑ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

እትዬ የመርገፌን ነገር ያወቁት በሻወሩ ነው። ውሃው አልወርድ ብሎ ተንበርክኬ ፀጉር ሳወጣ ደረሱብኝ። እፍኝ ሙሉ ነው። አንዴ እጄን፣ አንዴ ራሴን አይተው ደረታቸውን ደቁ። «ውይ ልጄ! ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው?» አሉ። «የሥራ ብዛት ነው። ያ መጋዘን ነው የጨረሰሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉሬ የቤቱ ጉዳይ ሆነ። የሽንኩርት ጭማቂ ቀቡኝ፤ ለሁለት ቀን ፍሪጁ እንኳ ከኔ የተሻለ ይሸት ነበር። ቀጥሎ የጉሎ ዘይት መጣ፣ ቀጥሎ አብሽ። መጨረሻ ላይ ካገር ቤት ሰው ያመጣላቸውን ቅቤ ከፍሪዘር አውጥተው አናቴ ላይ ደፉት። «አይነካኩኝ፣ የሐኪም መድኃኒት አለኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለምን እላለሁ? ጣታቸው አናቴን ሲዳብሰው ከሐኪሟ አረፋ የበለጠ ደስ የሚለኝ ያ ነበር። እሁድ እሁድ አምልኮው በዙም ሲያልቅ፣ በቅቤ የወዛው ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ጮክ ብለው ይፀልያሉ። «ጌታ ሆይ! ይሄንን ፀጉር መልስላት! ለዚህች ምስኪን ልጅህ መልስላት!» ልጃቸው ከሶፋው ላይ ሳቋን ታፍናለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አሜን እላለሁ። ከልቤ ነበር አሜን የምለው፣ ከማንም በላይ ከልቤ።

አንድ ነገር ግን አልገባ አላቸው። አንድ ቀን አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩኝና፣ «ራስሽ ላይ አይበቅል፣ አገጭሽ ላይ አይበቅል። ምን ነካሽ?» አሉኝ። ጢሜን በሌዘር እያስነቀልኩ ነበር። «እንጃ እትዬ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸውን ሹሩባ ይሠራሉ። ትራስ ምንጣፉ ላይ ይጥሉና ሶፋው ላይ ተቀምጠው ልጅቷን በጉልበታቸው መሃል ያስገቧታል። «ቀና በል የኔ ጌታ። አትነቃነቅ አባቴ።» ልጅቷ ስልኳን እያየች በእንግሊዝኛ ትነጫነጫለች፣ ያማል፣ አጠበቅሽው ትላለች። እኔ ሌላኛው ወንበር ላይ ሻዬን ይዤ አያለሁ። ፀጉሯ ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ሳትለፋ ያገኘችው ነው። ቀናሁባት፣ ምን እደብቃለሁ። ልሸፍነው በማልችል ቅናት ቀናሁባት። አንዴ ለራሴ የፀጉር መያዣ ላስቲክ ገዝቼ እጄ ላይ አጥልቄ ሳለ እትዬ አዩትና ከት ብለው ሳቁ። «ራስ ሳይጠና ጉተና!» አሉኝ። «እንደነዚህ እንደ ጎረምሶቹ ልታስይዢው አማረሽ?» እኔም አዎ ብዬ ሳቅኩ።

በ2021 ክረምቱ አልቆ ሲሞቅ መርገፉ ቆመ። አንድ ቀን ትራሴን ሳየው ንፁህ ነው። ማንም ደውሎ እንኳን ደስ አለሽ አላለኝም፤ እኔም አልጨፈርኩም። ከሁለቱ ጎን የሸሸው ቦታ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር ያለ ለስላሳ ነገር ወጣ፣ ከዚያም እዚያው ላይ ቆመ። አልገፋም። ሐኪሟ ልክ ነበረች፤ የሄደው አልተመለሰም። የኋላው ግን አደገ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኔ እንቁላል እያነከሰ ነው የሄደው። በዓመቱ ትከሻዬን ነካ። መጋዘን ውስጥ በኮፍያ፣ ቤት ውስጥ በሻሽ። እትዬ «ጌታ ሠራ!» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ። ሰው ግን ሌላ ነገር ማውራት ጀምሮ ነበር፤ የቤተክርስቲያኑ ሰው ተከራይሽ ፀጉሩን ምን ሆኖ ነው እያለ ይጠይቃቸዋል። አይነግሩኝም፣ ግን ፊታቸው ላይ አየዋለሁ።

ነገሩ የፈነዳው በ2022 ፀደይ ላይ፣ ለልጃቸው ምርቃት ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀር ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ኩሽና ስገባ መሃል ላይ ወንበር ተቀምጧል፣ እትዬ ፎጣና ቶንዶስ ይዘው ቆመዋል። በኮቪድ ጊዜ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ሲዘጋ የቤተክርስቲያኑን ጎረምሶች ጋራዥ ውስጥ የላጩት እሳቸው ናቸው፤ እጃቸው ተፍታቷል።

«ነይ ቁጭ በይ» አሉኝ ወንበሩን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «ለልጄ ምርቃት እንዲህ ተንጨባረሽ አትቆሚም። ሰው ሁሉ ይመጣል። ጎን ጎኑን ላንሳልሽ፣ ከላይ ትንሽ እተውልሻለሁ።»

ቁጭ አልኩ። እንዴት ቁጭ አልሽ አትበሉኝ። ደክሞኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደብቅ የኖረ ሰው፣ ይሁን፣ ይላጩኝና ይለቅልኝ የሚልበት ደቂቃ አለ። ፎጣውን አንገቴ ላይ አሰሩ። ቶንዶሱ ተነሳ፤ ጆሮዬ ሥር ብርዱ ተሰማኝ።

«እትዬ፣ አይላጩኝ።»

«ለምን?»

«ሁለት ዓመት ነው ያሳደግኩት።»

«ታዲያስ? ፀጉር አይደል? ተመልሶ ያድጋል።»

ሳቅ አመለጠኝ። ተመልሶ ያድጋል! ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ፣ እና አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። «እትዬ፣ እርስዎ አንቺ የሚሉኝ ሊያቆላምጡኝ ነው። አውቃለሁ። ግን ልክ ነዎት። ሳያውቁት ልክ ነዎት። እኔ አንቺ ነኝ።»

ቶንዶሱ እጃቸው ላይ እየጮኸ ነው። «እንዴት ነው አንቺ ነኝ?» አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ኪኒኑን፣ ሐኪሟን፣ አረፋውን፣ የአገጬን ነገር። ፊታቸውን አላየሁም፣ ከኋላዬ ናቸው። ስጨርስ ቶንዶሱን አጠፉት።

«እና ያ ሁሉ ቅቤ?» አሉ።

የፎጣውን ጫፍ በእጄ ጠቀለልኩት።

«ያ ሁሉ ፀሎት? ጌታ ሆይ፣ እኔ ስፀልይ የከረምኩት ለዚህ ነው?» ፎጣውን እንኳ ሳይፈቱልኝ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ብቻዬን ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ሲያለቅሱ ይሰማኛል፣ ሲፀልዩም ይሰማኛል፤ የትኛው የት ላይ እንደሚያልቅ አይለይም።

ከዚያ ቀን በኋላ «አንቺ» ጠፋች። «አንተ»ም አልመጣም። አማርኛ ሰውን ሳይጠሩ ለመኖር እንዴት እንደሚመች ያየሁት ያኔ ነው። «እራት ቀርቧል።» «መብራት ይጥፋ እንጂ።» «ፖስታ መጥቷል፣ ጠረጴዛ ላይ አለ።» እርስዎ እንዳይሉኝ ልጃቸው ልሆን የምችል ሰው ነኝ። ስለዚህ ግሱን ሁሉ ባለቤት አሳጡት። አንዴ ደረጃው ላይ ተገጣጥመን፣ «ይታለፍ» አሉኝ። ይታለፍ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ነገሩን ሰምታለች፤ ክፍሌ በር ላይ መጥታ በእንግሊዝኛ አይዞሽ አለችኝ፣ እናቴ ጊዜ ትፈልጋለች አለችኝ። እንግሊዝኛው ያው ዩ ነው። አመሰግናለሁ አልኳት።

ቤት መፈለግ ጀመርኩ። ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት አካባቢ ተማሪዎች የሚለቋቸው ክፍሎች ነበሩ፣ ደረጃው የሚንቀጠቀጥ፣ ኩሽናው ለስድስት ሰው የሆነ። አንዱን አየሁ፣ ሌላውን አየሁ። በዚህ ሁሉ መሃል ፀጉሬ እንደገና ይረግፍ ጀመር። ሐኪሟ ጭንቀት ያደርገዋል አለች። ሻወር ውስጥ እጄ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር ሳየው አልደነገጥኩም፣ አላለቀስኩም። በቃ ሂድ፣ ሁሉም ከሄደ አንተም ሂድ አልኩት። ፀጉሬን አንተ ነው ያልኩት፤ ተናድጄበታለሁ።

የምርቃቱ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ከሺፍት ወጥቼ፣ እግሬ አብጦ፣ በፀጥታ በጓሮ በር ገባሁ። ሳሎን ልጅቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሹሩባዋ ገና መሠራቱ ነው፣ ያብረቀርቃል። እንዳያዩኝ ወደ ክፍሌ ስጣደፍ፣

«ና!» አሉ እትዬ።

ለኔ አልመሰለኝም። መራመዴን ቀጠልኩ።

«አንተ! አትሰማም? ና ወዲህ!»

ቆምኩ። ሁለት ዓመት አንቺ ያለኝ አፍ ነው። በቃ፣ ወሰኑ ማለት ነው። ፀልየው፣ አስበው፣ አንተ ነህ ብለው ፈረዱ። መከራከር አልቻልኩም፣ ጉልበቱ የለኝም። አመሰግናለሁ፣ ለቅቄ እወጣለሁ ብዬ ልንገራቸውና ልሂድ ብዬ ሳሎን ገባሁ። ዓይኔ ቶንዶሱን ይፈልጋል።

ቶንዶስ የለም። ማበጠሪያና ቅባት ጉልበታቸው ላይ አለ። ትራሱ ምንጣፉ ላይ ነው፣ ከጉልበታቸው ሥር።

«ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ሻሼን ፈቱት። ቅቤ ሲቀቡኝ ከርመው ያልደረሱበትን ነገር የሚፈልጉ ይመስል አናቴን በጣታቸው ቀስ እያሉ ዳሰሱት። ሁለቱ ጎን ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

«እዚህ ጋ ሳስቷል» አሉ ለራሳቸው። «ጠበቅ ካደረጉት ከነሥሩ ነው የሚነቀል። ላላ አድርገን ከኋላ አምጥተን እንሸፍነዋለን።» ማበጠሪያው ፀጉሬን ሲከፍለው ተሰማኝ። አንድ ጉንጉን ሠርተው ጨረሱ። ከዚያ፣ «ያልገባኝን ነገር ለጌታ ትቼዋለሁ» አሉ። «ፀጉር ግን ይገባኛል። እኔው ፀልዬ ያበቀልኩትን ማን እንዲሠራው ነው የምተወው? ቀና በል የኔ ጌታ። አትነቃነቅ አባቴ።»

ልጅቷ ከስልኳ ቀና አለች። «ማሚ!» አለች በእንግሊዝኛዋ፣ እየሳቀች። «እንደዚያ እኮ የምትይው እኔን ነው።»

«ታዲያ ላንተ ብቻ ነው እንዴ?» አሏት እትዬ። «ዝም በል፣ እጄን አታሳስተኝ።»

እኔና ልጅቷ ተያየን። «አንተ» የሚለውን ቃል ዕድሜ ልኬን ጠልቼው ነበር። ሰፈር ውስጥ፣ ትምህርት ቤት፣ መጋዘን፣ ሁሉም የጠሩኝ በእሱ ነው። አሁን እዚያ ምንጣፍ ላይ፣ ሁለታችንም አንተ ተብለን፣ ከጉልበታቸው ሥር ቁጭ ብዬ አንገቴን ቀና አደረግኩ። እንባዬ ግን ሊቆምልኝ አልቻለም፤ በአገጬ ወርዶ ደረቴ ላይ ይንጠባጠባል።

እጃቸውን አቆሙ። «ምን ያስለቅስሃል?» አሉኝ። «አላጠበቅኩም እኮ።»

«አላጠበቁም፣ እትዬ» አልኳቸው።